የደርጊ ሐራ ዘመዶች እነማን ናቸው?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከክፍላችን ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ሆነን ከሰመራ ወደ ዱብቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ዕፅዋት ለመሰብሰብ ወጥተን ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ቅርንጫፍ መቍረጥ፣ በጋዜጣ መካከል አድርጎ መጫን፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ነው። የከበደን ፀሐዩ ብቻ ነበር። ወደ አዋሽ በቀረብን ቍጥር ሌላው ሁሉ እየሳሳ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ እየበዛ ሄደ። ይህም መጻሕፍት ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚሉት፣ አፋሩ «ደርጊ ሐራ» ማለት የደርግ ዛፍ የሚለው፣ በኋላ ዘመንም ብዙ ሰው «የወያኔ ዛፍ» ያለው ነው። መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ስሙ ተለወጠ፤ ዛፉ ግን ያው ነው።

በዚያ ፍየሎቻቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን ቈዩና ቅጠሉን ለምን እንደምንለቅም ጠየቁን። አፋርኛ የሚያውቀው ጓደኛችን «አባባ፣ ዘመዱን ልናውቅ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌውም ሳቅ ብለው «ዘመድ ያለው እንግዳ ይህን ያህል ዘመን አይቀመጥም» አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ይህ ከግራር ይወለዳልን?» ሲሉ ጠየቁ። ከመካከላችን ስድስቱ ይወለዳል አልን፤ ቅጠሉም እሾሁም ፍሬውም ግራር ይመስላልና። አምስቱ አይወለድም አልን፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና። ምክንያታችን ሲጠየቅ ግን ሁላችንም ባዶ ነበርን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ዕለት ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

አስቀድመን ስለ ስም አሠራር ጥቂት እንናገር። የዕፅዋት ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ዕፅ ሁለት ስም ይሰጣሉ፤ የፊተኛው የወገኑ፣ የኋለኛው የዝርያው ስም ነው። በእኛ ልማድ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ይከተላል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ወገኑ ይቀድማል። ወገን ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ጉባኤ ከአንድ አባት የተወለዱትን ሁሉ የያዘ፣ ከሌላ አባት የተወለደ አንድ ስንኳ ያልተቀላቀለበት መሆን ይገባዋል። እንግዲህ ስሙ ራሱ ስለ ዘር ሐረግ የሚሰጥ የምስክርነት ቃል ነው። ምስክርነቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ስሙ ይለወጣል። ብዙ ተማሪዎች «ሊቃውንቱ ስም መለወጥ ሥራቸው ሆነ» እያሉ ሲያማርሩ እንሰማለን፤ እኛም ለፈተና ስናጠና አማርረናል። ነገር ግን የተለወጠው ፍርዱ እንጂ ፈራጁ ስላሰኘው አይደለም።

እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የዕፅዋት ዝምድና የሚታወቀው በመልክ ነበር። አበባው ስንት ቅጠል አለው፣ የወንዴው ዘንግ ስንት ነው፣ ፍሬው እንዴት ይከፈታል እየተባለ ይመረመር ነበር። ይህ አሠራር ብዙ እውነት አስገኝቷል፤ ባቄላ፣ ምስርና ግራር አንድ ቤተሰብ መሆናቸው የታወቀው በእርሱ ነው። በረሃ ግን መልክን የሚያመሳስል አገር ነው። ውሃ በሌለበት ቦታ የሚኖር ዛፍ ቅጠሉን ያሳንሳል፤ ፍየልና ግመል በሚበዛበት የሚኖር ደግሞ እሾህ ያወጣል። በአፋር ሙቀት ሰው ሁሉ ሽርጥ ስለ ታጠቀ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው አይባልም፤ የዛፎቹም ነገር እንደዚሁ ነው።

ታዲያ ልብስን አልፎ ሥጋን፣ ሥጋንም አልፎ ዘርን የሚያሳይ መንገድ ምንድን ነው? በየሕዋሱ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. አዴኒን፣ ሳይቶሲን፣ ጉዋኒንና ታይሚን በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አንዱ ምዕራፍ ጂን፣ መላው መጽሐፍ ጂኖም ይባላል። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባበታል።

በአገራችን የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በአንድ መጽሐፍ ሦስት ቅጂዎች መካከል ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ቢገኝባቸው ሁለቱ ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደ ተገለበጡ ይገመታል። ልብ እንበል፤ ዝምድናን የሚያስረዳው ከጥንቱ ሳይለወጥ የቀረው ንባብ አይደለም፤ እርሱ ከሁሉ በፊት ከነበረው መጽሐፍ ለሁሉም የደረሰ ነውና። የሚያስረዳው በጋራ የተገኘው ለውጥ ነው። በዕፅዋትም ዘንድ ሁለት ዝርያዎች ከጥንቱ የተለየ አንድ ዓይነት ፊደል በብዙ ቦታ ላይ ቢይዙ ያ ለውጥ የገባባቸው በአንድ የጋራ አያት ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የወጣው በ1993 ነው። ማርክ ቼስና ብዙ ባልደረቦቹ ከአምስት መቶ ያህል ዕፅዋት አንድ ጂን ብቻ አንብበው የዘር ሐረግ ሠሩ። ያ ጂን የሚገኘው በቅጠል አረንጓዴ ክፍል፣ በክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በመልክ የተሠራው ብዙ ሰንጠረዥ ፈረሰ። ለምሳሌ ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ ከሌሎቹ የውሃ አበቦች ጋር ዝምድናው ቅርብ ይመስል ነበር፤ በምርመራ ግን የቅርብ ዘመዶቹ በየብስ የሚበቅሉ ዛፎች ሆነው ተገኙ። በ1998 ሊቃውንቱ ተሰብስበው አበባ የሚያወጡ ዕፅዋትን ሁሉ በዘር ሐረግ የሚደለድል አዲስ ሥርዓት አወጡ፤ አራተኛው እትም በ2016 ሲወጣ ቤተሰቦቹ 416 ሆኑ።

ነገር ግን አንድ ጂን አንድ ምስክር ነው። የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይጠያየቃሉ። የሚሰማው ሰው ወሬውን ብቻ አይሰማም፤ ማን አየ፣ ከማን ሰማህ፣ ሌላስ ማን ተናገረው ብሎ ይመረምራል። አንድ ሰው ብቻ ያመጣው ወሬ ይያዛል እንጂ ወዲያው አይታመንም፤ ከሦስት አቅጣጫ የመጡ ሰዎች አንድ ነገር ከተናገሩ ግን መንገደኛው ጉዞውን በዚያው ያሰናዳል። የዛሬዎቹ ሊቃውንት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከአንድ ጂን ፈንታ በመቶ የሚቈጠሩ ጂኖችን ለየብቻቸው ይጠይቃሉ፤ የእያንዳንዱንም ቃል ከሌላው ጋር ያስተያያሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ ሲሊካ ጄል በሚባል ነገር ውስጥ ይቀመጣል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚገኘው፣ ውሃ የሚመጠው ፍሬ ፍሬ ነገር እርሱ ነው። ከደረቀው ቅጠል ዲ.ኤን.ኤ. ይወጣና ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች ይሰባበራል። መላውን ጂኖም ማንበብ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ በሚፈለጉት ጂኖች መልክ የተሠሩ ማጥመጃዎች ይጨመሩበታል። እነርሱም እንደ መንጠቆ የየራሳቸውን አምሳያ ብቻ ይዘው ያወጣሉ፤ የቀረው ይታጠባል። የተያዘው በመሣሪያ ይነበባል፤ በኮምፒዩተርም የየዝርያው ንባብ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል።

የዚህ አሠራር ትልቅ ጥቅሙ የተሰባበረ ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚበቃው ነው። ስለዚህ በዕፅዋት መዝገብ ቤት ለብዙ ዘመን በወረቀት ተጣብቆ የኖረ ቅጠል ሳይቀር ይመሰክራል። በ2024 በለንደን የኪው የዕፅዋት ማዕከል መሪነት በወጣው ሥራ ከ9,500 በላይ ዝርያዎች በ353 ጂኖች ተመርምረዋል። ከእነርሱም አንዱ በኔፓል ተራራ ላይ ከተቈረጠ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነበር። ይህን ስናነብ በዱብቲ መንገድ ዳር በጋዜጣ የጫንናትን ቅርንጫፍ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን።

ምስክሮቹ ሁሉ አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ጽሑፋችን እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አይናገሩም፤ ሐሰተኞች ስለ ሆኑም አይደለም። በምሳሌ እናስረዳ። አንድ አባት ቀይና ነጭ ፍየሎች ነበሩት። የበኵር ልጁ ከሁለቱም ዓይነት ተካፍሎ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቀሩት ሁለቱ እንዲሁ ከሁለቱም ዓይነት ተካፍለው ተለያዩ። ዘመን ሲያልፍ፣ ድርቅም ሲደጋገም፣ በበኵሩና በታናሹ ቤት ቀዩ አልቆ ነጩ ብቻ ቀረ፤ በመካከለኛው ቤት ነጩ አልቆ ቀዩ ቀረ። እንግዲህ ፍየሎቹን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው በኵሩና ታናሹ አብረው ኖረው የተለያዩ ናቸው ይላል። ሐሰት ነው፤ ፍየሎቹ ግን አልዋሹም። በጂኖችም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚበዛው ወገኖቹ በተከታታይ ቶሎ ቶሎ በተለያዩበት ዘመን ነው። ስለዚህ የየጂኑ ሐረግ ለብቻው ተሠርቶ፣ ከብዙዎቹ መካከል የትኛው አከፋፈል እንደሚበዛ ታይቶ፣ የዝርያዎቹ ሐረግ ከዚያ ይወጣል።

አሁን ወደ ግራር እንመለስ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ገዋኔ በመኪና የሚሄድ ሰው በመስኮት ብዙ ዓይነት ግራር ያያል። አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋው አለ፤ ሙጫ የሚሰጠው አለ፤ ልብስ ይዞ የማይለቅ ቆንጥር አለ፤ በወንዝ አጠገብ ቢጫ አበባ የሚያብበው አለ። በ1989 የወጣው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ እነዚህን ሁሉ አካሺያ በሚለው አንድ ወገን ይጠራቸዋል። ዛሬ ግን በሁለት ተከፍለዋል። ባለ ጠረጴዛው ቫኬሊያ ቶርቲሊስ፣ የወንዝ ዳሩ ቫኬሊያ ኒሎቲካ ሲባሉ፣ ባለ ሙጫው ሴኔጋሊያ ሴኔጋል፣ ቆንጥሩም ሴኔጋሊያ ሜሊፌራ ተብለዋል። ሁለቱ ወገኖች ወንድማማች አይደሉም፤ በመካከላቸው ግራር ያልሆኑ ብዙ ሌሎች ወገኖች አሉ።

ይህን አንድ ጊዜ ከተረዱት በዓይንም ማየት ይቻላል። የቫኬሊያ እሾህ ከቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ የቅጠሉ አካል ነው፤ አበባውም እንደ ትንሽ ኳስ የተድቦለቦለ ነው። የእኛዎቹ ባለ ሙጫና ቆንጥር እሾህ ግን ከቅርፊት የሚወጣ መንጠቆ ነው፤ አበባቸውም እንደ ጅራት የረዘመ ነው። ቶርቲሊስ ረጅምና ቀጥ ያለውን እሾህ አጭርና ቈልማማ ከሆነው ጋር ቀላቅሎ ስለሚይዝ መጀመሪያ ያየውን ያሳስታል፤ እኛንም አሳስቶናል። አማርኛችን «ግራር» እና «ቆንጥር» ብሎ ሲለይ፣ አፋሩም ለእያንዳንዱ የተለየ ስም ሲሰጥ፣ ከሊቃውንቱ ሰንጠረዥ የቀደሙበት ጊዜ እንዳለ ማመን አለብን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቈጭ ታሪክ አለ። አካሺያ የሚለው ስም ጥንት ግሪኮች ለግብፅ እሾሃም ዛፍ የሰጡት ነው። ያ ዛፍ በናይል ስም ኒሎቲካ የተባለው፣ በእኛም ወንዞች ዳር የሚበቅለው ነው። ወገኑ መከፈል እንዳለበት በታወቀ ጊዜ ግን ስሙ ለማን ይቅር የሚል ክርክር ተነሣ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ያሏቸው የአውስትራሊያ ዛፎች ስማቸው እንዳይለወጥ ሐሳብ ቀረበ። በ2005 በቪየና በተደረገው የዕፅዋት ሊቃውንት ጉባኤ ከድምፅ ሰጪዎቹ 54.9 በመቶ የሚሆኑት ተቃወሙት። ሆኖም የቀረበውን ሐሳብ ለመጣል 60 በመቶ ያስፈልግ ነበርና ስሙ ለአውስትራሊያ ሄደ፤ በ2011 የሜልቦርን ጉባኤም ይኸው ጸና። የዘር ሐረጉ መከፈል የምርመራ ውጤት ነው፤ እንቀበለዋለን። ስሙ ለማን ይገባል የሚለው ግን የድምፅ ጕዳይ ነበር፤ በዚያ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ከአፍሪካ የሚቀመጡት ጥቂቶች መሆናቸውን ማንም አይክድም። በዚህም የተነሣ ዛሬ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው «ዲከረንስ» እውነተኛ አካሺያ ሲባል፣ የአዋሹ ግራር ግን አካሺያ መባሉ ቀረ። በዘር ሐረግም ቢሆን ዲከረንስ ለአዋሹ ግራር ከሚቀርበው ይልቅ በደጋችን ለሚበቅለው ለሰሳ ይቀርባል።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ደረስን። ደርጊ ሐራ በአዋሽ ሸለቆ የተተከለው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ በመካከለኛው አዋሽ በነበሩት የጥጥ እርሻዎች ዙሪያ ነፋስና አሸዋ እንዲከላከል ተብሎ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለ ሆነ ፍየልና ከብት ይበሉታል፤ ዘሩም በፋንድያ ውስጥ ሳይፈጭ ወጥቶ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ጎርፍም ይወስደዋል። ዛሬ በአፋር ክልል የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ሣሩን ያጠፋል፤ ውሃውን ይመጣል፤ ወደ ወንዙ የሚወስደውን የከብት መንገድ ይዘጋል። ከሰል ይሆናል፤ አጥርም ይሆናል፤ ይህን አንክድም። ከብቱ የቆመበትን መሬት ላጣ አርብቶ አደር ግን ከሰል ምን ካሣ ይሆናል?

ፕሮሶፒስ የሚለውን ስም ያወጣው ሊኔየስ ነው፤ በ1767። ስሙን የሰጠው በሕንድና በዐረብ አገር ለሚበቅል ዛፍ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ዛፎች ስለ መሰሉት በዚያው ስም ተጨመሩ። የአርጀንቲናው ሊቅ አርቱሮ ቡርካርት በ1976 መላውን ወገን መርምሮ 44 ዝርያዎች ቈጠረ። በሰንጠረዡ ውስጥ የእስያ፣ የአፍሪካና የአሜሪካ ዛፎች አብረው ተቀምጠዋል። ሥራው እጅግ የተጠነቀቀ ነበር፤ ነገር ግን በመልክ የተሠራ ነው።

በ2022 የሪንግልበርግና የባልደረቦቹ ሥራ ወጣ። ከግራርና ከዘመዶቹ ክፍለ ቤተሰብ 420 ዝርያዎች በ997 ጂኖች ተመረመሩ። በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት ፕሮሶፒስ አንድ ወገን ሆኖ መቆም አልቻለም። የአፍሪካው ፕሮሶፒስ፣ ከሴኔጋል አንሥቶ በሳሕል የሚበቅለው፣ ከቀሩት ሁሉ የራቀ ሆኖ ተገኘ፤ አኖኒኪየም ተባለ። በቀሩትም መካከል ከሌላ ስም የነበሩ ወገኖች ገብተው ተገኙ። በዚያው ዓመት ሂዩዝና ባልደረቦቹ ወገኑን ከፋፈሉት። ፕሮሶፒስ የሚለው ስም ለሦስት የእስያና የአካባቢው ዝርያዎች ብቻ ቀረ፤ ከአሜሪካዎቹ የሚበዙት፣ ወደ 43 የሚሆኑት፣ ኔልቱማ ተባሉ። ኔልቱማ አዲስ ስም አይደለም፤ ራፊኔስክ የሚባል ሊቅ በ1838 ያወጣው ነው። ስለዚህ በዱብቲ መንገድ ዳር ያየነው ዛፍ ዛሬ ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ይባላል። ደርጊ ሐራ፣ የወያኔ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ ኔልቱማ፤ ስም የማይጠግብ ዛፍ ነው።

የቅርብ ዘመዶቹም ሁሉ በአሜሪካ ምድር የሚበቅሉ ናቸው፤ በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል አንድ ኔልቱማ ስንኳ የለም። ከግራር ጋር የሚያገናኘው አያት አለ፤ ነገር ግን በጣም የራቀ ነው። ስድስታችንም አምስታችንም በከፊል ልክ ነበርን ማለት ነው።

«ይህን ማወቅ ለፍየል ጠባቂው ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እርስ በርሳችን ተጠያይቀናል። መልሱ ይህ ነው። የመጣ አረም በአገሩ ሳለ የሚበሉት ነፍሳት ነበሩት፤ ወደ እኛ ሲመጣ ጠላቶቹን ትቶ ብቻውን መጣ። አንዱ የመከላከያ መንገድ ከእነዚያ ጠላቶች መካከል ሌላ የማይነካውን መርጦ ማምጣት ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1987 ዘሩን ብቻ የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ከአሜሪካ አምጥታ ለቀቀች፤ በኋላም ሁለተኛ ጨመረች። የዚህችኛዋ የሳይንስ ስም ኔልቱሚየስ ነው፤ ነፍሳትን የሚያጠኑት ሰዎች የዛፉን የጥንት ስም ሳይረሱት ኖረው ነበር። ዘር በል ብቻ የተመረጠው ገበሬዎቹ ፍሬውን ለከብት መኖ ስለ ፈለጉት ነው። ዛፉ ግን በዚያ አገር መስፋፋቱን አላቆመም፤ ስለዚህ ነገሩ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ እልል የሚባልበት አይደለም።

እንዲህ ያለ ነፍሳት ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ምን ይበላል ምን አይበላም ተብሎ ይፈተናል። የምድርን ዕፅዋት ሁሉ ማቅረብ አይቻልምና ዋፕሸር የተባለ ሊቅ በ1974 ሥርዓት አወጣ፤ ከአረሙ የቅርብ ዘመዶች ተጀምሮ ወደ ሩቆቹ እየተሄደ ይፈተናል። እንግዲህ የዘር ሐረጉ የተሳሳተ ከሆነ የፈተናው ተራም ይሳሳታል። በአሮጌው ሰንጠረዥ ብንሄድ የአፍሪካውን ፕሮሶፒስ የደርጊ ሐራ ወንድም አድርገን ቀድሞ ይፈተን ባልን ነበር፤ እርሱም ነጻ ሲወጣ ሌላው ሁሉ ነጻ ነው ብለን በተጽናናን ነበር። በአዲሱ ግን በሸለቆው ውስጥ ወንድም የሚባል እንደሌለው፣ ከሩቅ ዘመዶቹም መካከል ሁለቱ የግራር ወገኖች ለየብቻቸው መፈተን እንዳለባቸው እናውቃለን። ቫኬሊያን ያልነካ ነፍሳት ሴኔጋሊያንም አይነካም ማለት አይቻልም፤ ሁለቱ አንድ ቤት አይደሉምና። ሙጫው የአርብቶ አደሩ ገንዘብ፣ የቶርቲሊስም ፍሬ የፍየሉ የበጋ ቀለብ ነው። ዝምድና ብቻውንም አይበቃም፤ ነፍሳት የሚመርጠው በቅጠሉ ውስጥ ባለው ጣዕምና መርዝ ነውና ፈተናው ራሱ አይቀርም።

ሁለት የቀሩ ችግሮችን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የመጀመሪያው፣ ብዙ ጂን ሁሉን አይፈታም። በ2020 ኩነንና ባልደረቦቹ የግራርን ዘመዶች በ964 ጂኖች መርምረው የሰሳና የአውስትራሊያው አካሺያ ዘመዶች ከሚወጡበት ጕንድ ስድስት ያህል ቅርንጫፎች በአንድ ቦታ ወጥተው አገኙ። የትኛው ቀደመ ቢባል ምስክሮቹ በእኩል ይከፈላሉ። ሊቃውንቱ የደረሱበት አሳብ ምስክር አነሰ ሳይሆን በእውነትም በአንድ ዘመን ተበታትነው ሊሆን ይችላል የሚል ነው። እንዲህ ያለ መልስ ለተማሪ ደስ አይለውም፤ እኛ ግን ከተጠጋገነ ሐረግ ይልቅ ይህን እንመርጣለን።

ሁለተኛው፣ ዕፅዋት እንደ ሰው የጎሣ ሐረግ እየተከፈሉ ብቻ አይሄዱም፤ ተመልሰውም ይጋባሉ። ቡናችን ራሱ ምስክር ነው። ኮፊያ አራቢካ የሁለት ዝርያዎች፣ የካኔፎራና የዩጂኒዮይደስ፣ ድቅል ሲሆን የሁለቱንም ጂኖም ሙሉ በሙሉ ይዞ 44 ክሮሞሶም አለው፤ ወላጆቹ ግን 22 ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሐረግ ሳይሆን መረብ ይሆናል። ኔልቱማ ጁሊፍሎራም 56 ክሮሞሶም ሲኖረው ብዙዎቹ ወንድሞቹ 28 አላቸው። ከእነርሱም አንዱ ፓሊዳ የሚባለው በመልክ እጅግ ስለሚመስለው በብዙ አገር ሁለቱን አንዱ በሌላው ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የወገኑ ዝርያዎች በተተከሉበት አገር ሁሉ እርስ በርሳቸው ሊዳቀሉ ስለሚችሉ፣ በአንድ መንደር ያለው ዛፍ በሌላ መንደር ካለው ጋር አንድ ነው ብሎ በዓይን መማል አይቻልም። በነፍሳት ለመከላከል ለሚያስብ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ንጹሑን የሚበላ ነፍሳት ድቅሉን ላይፈልገው ይችላል።

ስለዚህ ቅጠል መሰብሰብ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ የዕፅዋት መዝገብ ቤት አለን። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በኢትዮጵያና በስዊድን ሊቃውንት ሥራ የወጣውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ከዚያ የተነሣ ነው፤ ከመሪዎቹም አንዱ ሰብስቤ ደምሰው ነበሩ። ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ከቅጠል ጂን ማንበብ ግን እስካሁን በአብዛኛው በውጭ አገር ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቅጠል ወደ ውጭ ለመላክም በአዋጅ ቍጥር 482/2006 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ አዋጅ አንዳንዱን ተመራማሪ ቢያስቸግርም እኛ እንደግፈዋለን፤ የቅጠሉ ባለቤትና የስሙን አወራረስ የሚያውቀው ሕዝብ ከነገሩ ውጭ እንዳይቀር የወጣ ነውና።

ለዕረፍት ወደ አሳይታ፣ ወደ ገዋኔ፣ ወደ አሚባራ ወይም ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የምትሄዱ ጓደኞቻችን፣ ከደርጊ ሐራ አንድ ቅርንጫፍ ከአበባውና ከፍሬው ጋር በጋዜጣ ጫኑልን። ከዚያው ዛፍ አራት ወይም አምስት ጤነኛ ቅጠሎች በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የጫማ ካርቶን ከረጢቱን ጨምራችሁ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ። በእርሳስ እንጂ በእስክርቢቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ይፈሳልና። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የዛፉን ቁመት ጻፉ። ፍየል ጠባቂም ካገኛችሁ በዚያ ቀበሌ ምን ተብሎ እንደሚጠራና መጀመሪያ ያዩት መቼ እንደ ሆነ ጠይቃችሁ፣ በራሳቸው ቃል አስፍሩት። የዱብቲው ቅርንጫፋችን በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ በቍጥር 1 ተቀምጧል።